የአያቴ ፎቶ ለምን ያበራል?

በዛሬው የሳይንስ ገጻችን ስለ ድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እንማማራለን።

ሰበታ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አያቴ በወጣትነቷ አዲስ አበባ የተነሳችው ፎቶ ተሰቅሏል። የነጠላዋ ጠርዝ ወገግ ብሎ ያበራል። እኔ አቧራ መስሎኝ ለበዓል ቤት ስናጸዳ በእርጥብ ጨርቅ ፈተግኩት። ወገግታው አልለቀቀም፤ የለቀቀው የግራ ዓይኗ ነው። አያቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰፈራችን ድሮ ፎቶ ቤት የሠሩ አባባ አሉ። ወስጄ ሳሳያቸው «ይሄ እኮ ቆሻሻ አይደለም ልጄ፣ ብርሃን ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልም ላይ የተቀባው የብር ውህድ ብርሃን ነክቶት ሲታጠብ ይጠቁራል። ስለዚህ ነጭ ነጠላ ኔጋቲቭ ላይ ጥቁር ነው፤ ወረቀት ላይ ሲታተም ተገልብጦ ነጭ ይሆናል። ከነጠላው የመጣው ኃይለኛ ብርሃን ግን ውህዱን አልፎ የፊልሙ ጀርባ ድረስ ይሄድና ይነጥራል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ነጸብራቅ ማለት ነው! ሲመለስ በሄደበት መንገድ ብቻ አይመጣም፤ ጎን ጎኑንም ይነካል። ይህ ሃሌሽን ይባላል። ብዙ ፊልሞች ይህን የሚከለክል ልባስ ስላላቸው ሁሉም ፎቶ እንዲህ አያበራም። የድሮ ሌንስም ልባስ ስላልነበረው ብርሃን ውስጡ ይበተን ነበር።

ፎቶ አንሺዎች ሆን ብለውም ያደርጉት ነበር፤ ስስ ሻሽ ሌንሱ ፊት ይጋርዳሉ። የገረመኝ ግን ይሄ ነው፦ ሻሹ ካሜራው ላይ ከሆነ ነጩ ወደ ጥቁሩ ይፈሳል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶው ሲታተም ከተጋረደ ግን ጥቁሩ ወደ ነጩ ይፈሳል።

በአገራችን ይህን ሙያ ካስፋፉት መካከል አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰዋል።

ዓይኗ ለምን ለቀቀ? ምስሉ ያለው ወረቀቱን በለበሰው ጄላቲን ውስጥ ነው። ጄላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት ይሠራል፤ ውሃ ሲነካው ያብጥና ይለሰልሳል፣ ሲፈተግ ይላጣል። ስለዚህ እባካችሁ፣ የቤታችሁን ፎቶ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አራግፉ።

አርብ በእረፍት ሰዓት በክበባችን ስልክ እንሞክረዋለን። ስስ ሻሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ የምትነሳው አያቴ ናት፤ ነጠላዋን ከአሁኑ አጥባለች።