ጓያና ግሉታሜት፦ የነርቭ መመንመን ፋርማኮሎጂን በደቡብ ጎንደር ከየት እንጀምር?

የነርቭ ሴሎችን የሚያመነምኑ በሽታዎች ፋርማኮሎጂ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከአልዛይመርና ከፓርኪንሰን ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ የተዘጋጁት አረጋውያን በበዙባቸው አገሮች በመሆኑ ቅደም ተከተሉ አያስገርምም። ይሁን እንጂ በሁለቱም በሽታዎች የሴሎቹን ሞት በመጀመሪያ የቀሰቀሰው ነገር በአብዛኞቹ ሕሙማን ዘንድ በውል አይታወቅም፤ ተማሪው የመድኃኒቱን አሠራር የሚያጠናው የበሽታውን መነሻ ሳይዝ ነው። በደቡብ ጎንደር ግን መነሻው፣ መርዙ፣ የመርዙ ኬሚካዊ ቅርጽና የሚያርፍበት ሪሴፕተር የታወቁለት በሽታ አለ። ይህ አጭር ጽሑፍ ለዚህ አካባቢ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርቱ ከጓያ ሽባነት ቢጀመር እንደሚሻል ይሞግታል።

ጓያ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በዋልካ መሬት ላይ በተረፈው እርጥበት ብቻ የሚበቅል ጥራጥሬ ነው። ከደብረ ታቦር በስተ ምዕራብ ዝቅ ብሎ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የታወቀ ሰብል ነው። ድርቅንም፣ ውኃ የተኛበትን መሬትም ይችላል፤ ገለባው ለከብት ይሆናል። ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያው ይተርፋል፤ መከራውም የሚመጣው ከዚሁ በጎነቱ ነው። ጓያ ለሁለትና ለሦስት ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ፣ ከበሉት መካከል የጥቂቶቹ፣ ይበልጡንም የወጣት ወንዶች፣ እግር ይገተራል። ሕመምተኛው በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ ይራመዳል፤ ሲጠናበት አንድ ምርኩዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ምርኩዝ ይይዛል፤ የባሰበት ይድሃል። አእምሮውና የመዳሰስ ስሜቱ አይጓደሉም። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በአብዛኛው አይባባስም፤ ነገር ግን አይመለስም።

በአገራችን የዚህ በሽታ ጥናት ረዘም ያለ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ አንድ ወረርሽኝ የሚገልጽ ጽሑፍ አውጥቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደንቢያና በፎገራ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል፤ በሽታው የድርቅ ዘመን ትዝታ ብቻ ሳይሆን በየመንደሩ ያለ ሸክም መሆኑን ያሳየው ይኸው ሥራ ነው። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ከፕሮፌሰር ረዳ ጋር በደቡብ ጎንደር በእስቴ ወረዳ የሕሙማኑን ሥነ ልቡናዊና ማኅበራዊ ኑሮ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1998 አሳትመዋል። በዚያው አሥርት ዓመት በጎረቤት ወሎ፣ በደላንታና ዳውንት፣ ብዙ ሰው ያሽመደመደ ወረርሽኝ ተነሥቷል።

መርዙን የህንድ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አውጥተውታል። ቤታ-ኦዳፕ ይባላል፤ በፕሮቲን ግንባታ የማይገባ አሚኖ አሲድ ነው። ፋርማኮሎጂው የሚጀምረው ቅርጹ ግሉታሜትን ከመምሰሉ ነው። ግሉታሜት በአንጎል ውስጥ ዋነኛው አነቃቂ መልእክተኛ ነው፤ ሥራውን እንደ ጨረሰ ከነርቮቹ መጋጠሚያ በፍጥነት ይነሣል። ቤታ-ኦዳፕ ደግሞ አምፓ በተባለው የግሉታሜት ሪሴፕተር ላይ ያርፍና እንደ ባለቤቱ በሩን ይከፍታል። ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ሴሉ ይጎርፋሉ፤ ካልሲየሙ ሴሉን ከውስጥ የሚበሉ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። ከዚህ በተጨማሪ በአይጦች አንጎል ላይ የተደረጉ ጥናቶች መርዙ የማይቶኮንድሪያን የመጀመሪያ የኃይል ማመንጫ ሰንሰለት፣ ኮምፕሌክስ አንድን፣ እንደሚያውክ አሳይተዋል። ኃይል ያነሰው ሴል የገባውን ካልሲየም ገፍቶ ማስወጣት ስለሚሳነው ሁለቱ ጉዳቶች እርስ በርስ ይመጋገባሉ። ሲስቲንን ወደ ሴል የሚያስገባው አጓጓዥም ሲታወክ የግሉታታዮን ክምችት ይመናመናል፤ ሴሉ ከኦክሲጅን ቅሪቶች የሚከላከልበትን ጋሻ ያጣል ማለት ነው።

ጓያ ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶች፣ በተለይም ሜታዮኒን፣ የሚያንሱበት መሆኑ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። ያው ሰሃን መርዙን ያቀርባል፤ መከላከያው የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ግን ይነፍጋል። መጠንና ምላሽን በተናጠል ለመለካት ለለመደ ተማሪ ይህ ጠቃሚ ትምህርት ነው፤ የመርዙ መጠን ብቻውን ውጤቱን አይወስንምና። ከአንድ ማዕድ ከበሉ ወንድማማቾች አንዱ ሽባ ሆኖ ሌላው ጤነኛ የሚሆንበት ምክንያት እስካሁን በተሟላ መልኩ አልተፈታም። በአይጦች ላይ የተገኘው ውጤት ፍንጭ ይሰጣል፤ ኢስትሮጅን የሴቶቹን ማይቶኮንድሪያ በተወሰነ ደረጃ የሚጠብቅ መሆኑ ታይቷል። ለጋ ሳሉ ከእናታቸው በመለየት ለውጥረት የተዳረጉ የአይጥ ግልገሎችም መርዙ ሲሰጣቸው ይበልጥ ለሽባነት ተጋልጠዋል። ያደጉ አይጦች በበኩላቸው መርዙን በቀላሉ ስለሚቋቋሙ የእንስሳት አምሳያ ማዘጋጀት ለረጅም ጊዜ አዳጋች ሆኖ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፦ የማይባባስ በሽታ እንዴት ከነርቭ መመንመን በሽታዎች ይቆጠራል? መመረዝ ብሎ መመደብ አይቀልምን? በስያሜው ላይ መከራከር ይቻላል። ለማስተማር ግን ይኸው ልዩነት ጥቅሙ ነው። ኤ.ኤል.ኤስ በተባለው በሽታ የላይኛውም የታችኛውም የእንቅስቃሴ ነርቭ ሴሎች ይሞታሉ፤ የዘር፣ የተበላሹ ፕሮቲኖችና የግሉታሜት መብዛት ሚና ተደራርቦ ይገኛል። በጓያ ሽባነት ጉዳቱ በዋናነት በላይኞቹ ሴሎችና ወደ ኅብለ ሰረሰር በሚወርዱት ረጃጅም ጭራዎቻቸው ላይ ያተኩራል፤ የማነቃቃት መብዛት የሚያደርሰው ጉዳትም ከሌሎቹ ተነጥሎ ይታያል። ተማሪው ይህን ከተረዳ በኋላ፣ የግሉታሜትን መለቀቅ የሚቀንሰውና እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ለኤ.ኤል.ኤስ የተፈቀደው ሪሉዞል የሕሙማኑን ዕድሜ በወራት ብቻ የሚያራዝመው ለምን እንደሆነ በተሻለ ሊወያይ ይችላል።

ስለ ሕክምናው በአገራችን የተደረገ አንድ ሙከራ በየዓመቱ በክፍል ሊነበብ የሚገባው ነው። መልካ፣ ረዳ ተክለሃይማኖትና የቤልጂጉ ተመራማሪ ላምቤይን ቶልፔሪዞን የተባለውን ጡንቻ አላቂ መድኃኒት በጓያ ሽባነት ሕሙማን ላይ ፈትነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1997 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አቅርበዋል። ሙከራው ሕሙማኑን በዕጣ የመደበ፣ ሐኪሙም ታካሚውም ማን መድኃኒት ማን ማስመሰያ እንደ ወሰደ የማያውቁበት ነበር። የጡንቻው ግትርነት ቀንሷል። ነገር ግን መድኃኒቱ ያላላው የተገተረውን ጡንቻ እንጂ የሞተውን ሴል አልመለሰም፤ ምልክትን ማከምና የበሽታን ሂደት መለወጥ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ለእኛ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል።

ታዲያ የበሽታውን ሂደት የሚለውጠው ምንድን ነው? መልሱ ከፋርማሲ ይልቅ በማጀት ይገኛል። ዶክተር ኃይለኢየሱስና ባልደረቦቻቸው ከደላንታው ወረርሽኝ በኋላ ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2003 በላንሴት ባወጡት ጥናት፣ ጓያን በእሸት፣ በቆሎና በንፍሮ መልክ መብላት አደጋውን እንደሚያበዛ፣ ከእህል ጋር መደባለቅና ቅመም ከበዛበት ወጥ ጋር መብላት ግን እንደሚቀንሰው አመልክተዋል። ይህ ከላይ ከተነገረው አሠራር ጋር ይስማማል። እህሉ የጎደለውን ሜታዮኒን ይተካል፤ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ኦክሳይድን የሚከላከሉ ውሕዶችን ይጨምራሉ። ቤታ-ኦዳፕ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ጓያውን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት የመርዙን መጠን ይቀንሰዋል፤ በችግር ጊዜ ግን ለዚህ የሚሆን ማገዶና ውኃ ራሱ የለም። በገጠሩ ደግሞ ሽባ የሚያደርገው የሚቀቀለው ጓያ እንፋሎት ወይም የገለባው ንክኪ ነው የሚል እምነት አለ። እናት ልጇን ከእንፋሎቱ አርቃ ንፍሮውን ልታበላው ትችላለች፤ የጤና ትምህርቱ ይህን እምነት በስሙ ጠርቶ ካልተነጋገረበት ምክሩ ሰሚ አያገኝም።

የመርዙ መጠን አነስተኛ የሆነው ዋሴ የተባለው ዝርያ በአገራችን ተለቋል። ይሁንና ድርቅና በአፈር ውስጥ የዚንክ ማነስ ቤታ-ኦዳፕን ሊጨምሩት ስለሚችሉ፣ በምርምር ጣቢያ የተለካው መጠን በገበሬው ዋልካ ላይ ይጸናል ብሎ መውሰድ አይገባም። ከፎገራና ከእስቴ ማሳዎች በጥሩና በደረቅ ዓመት ናሙና እየሰበሰቡ መጠኑን መለካት፣ ያንኑ እህል በሽሮ፣ በንፍሮና በቂጣ አዘጋጅቶ የሚቀረውን መርዝ ማነጻጸር ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው። ይበልጥ ከባዱ ጥያቄ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ከመጀመሪያው የእግር መክበድና የቁርጭምጭሚት መገተር አንሥቶ ጉዳቱ እስኪጸና ድረስ ስንት ቀናት አሉ? የአምፓ ሪሴፕተርን የሚዘጋ ወይም ግሉታታዮንን የሚመልስ መድኃኒት ሊረዳ ቢችል በእነዚያ ቀናት ውስጥ ብቻ ነው፤ ሕመምተኛው ግን ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ምርኩዙን ይዞ ነው።