ከሮስተሩ የጠፉት ሁለት ሰልጣኞች

ሮስተር የመሥራትን ድካም የማያውቅ መምህር የለም። ከአንዱ መዝገብ ስም፣ ከሌላው ማርክ እየተለቀመ በእጅ ይገጣጠማል። ይህንኑ ሥራ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሠራው ዛሬ በአጭሩ እንመለከታለን።

በትውልዱ እንግሊዛዊ የሆነው ኤድጋር ኮድ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሲሠራ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ መረጃ በሠንጠረዥ መልክ እንዲደራጅና ሠንጠረዦቹም በጋራ በያዙት ዋጋ እንዲገናኙ ሐሳብ አቀረበ። ኤስ.ኪው.ኤል. የተባለው የመጠየቂያ ቋንቋ የተነሣው ከዚሁ ሐሳብ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። «ሰልጣኝ» የተባለው ሠንጠረዥ መለያ ቁጥርና ስም ይዟል፤ 40 መስመር አለው። «ውጤት» የተባለው ደግሞ የአንድ ትምህርት ማርክ ከመለያ ቁጥር ጋር ይዟል። ሁለት ሰልጣኞች ታመው ስላልተፈተኑ ያለው 38 መስመር ብቻ ነው።

የሠንጠረዦቹ ስም የሚጻፈው «ፍሮም» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ነው። ታዲያ ስማቸውን ብቻ ደርድረን ዝም ብንልስ? ማሽኑ እያንዳንዱን ሰልጣኝ ከእያንዳንዱ ማርክ ጋር ያጣምርና 40 ሲባዛ በ38፣ 1520 መስመር ያወጣል! ስለዚህ መገናኛውን መንገር ግዴታ ነው፦

ሴሌክት ሰልጣኝ.ስም፣ ውጤት.ማርክ
ፍሮም ሰልጣኝ ጆይን ውጤት
ኦን ሰልጣኝ.መለያ = ውጤት.መለያ

«መለያ» በሁለቱም ሠንጠረዦች ስላለ የሠንጠረዡ ስም ከፊቱ ካልተጻፈ ማሽኑ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። በስም ማገናኘትም አይሆንም፤ በአንድ ክፍል ሁለት አበበ ከበደ ቢኖሩ የአንዱ ማርክ ለሌላውም ይጻፋል።

አሁን 38 መስመር ወጣ። ደህና ይመስላል፤ ግን ሁለቱ የታመሙት የት ገቡ? ጆይን ጥንድ ያላገኘውን መስመር ይተወዋል። ማሽኑ ስሕተት አለ አላለም፤ ሰልጣኞቹ ግን ከሮስተሩ ጠፉ። ነገ የድጋሚ ፈተና ዝርዝር ከዚሁ ቢወጣ ስማቸው አይጠራም። በ«ጆይን» ፋንታ «ሌፍት ጆይን» ቢጻፍ ግን በግራ ያለው ሠንጠረዥ ሙሉውን ይወጣል። 40ዎቹም ይታያሉ፤ የሁለቱ ማርክ ባዶ ይሆናል። ባዶ ደግሞ ዜሮ አይደለም! ዜሮ ያገኘ ተፈትኗል፤ ባዶ የሆነበት ገና አልተፈተነም።

እንግዲህ ዝርዝር ስታወጡ ከሁሉ በፊት መስመሩን ቁጠሩ፤ ከክፍሉ ሰው ቁጥር ጋር እኩል ነው ወይ?

መልመጃ፦ ያልተፈተኑትን ሁለቱን ብቻ ለማውጣት ከሌፍት ጆይኑ በታች «ዌር» ብላችሁ ምን ትጨምራላችሁ?