የአጫጭር ልቦለዶች መድበልን ማስተዋወቅና መሔስ፦ ከማክሰኝት አንባቢ አንጻር

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ ናት። በጎዳናው አንድ ጫፍ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በሌላው ጫፍ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አሉ። አዲስ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመውም የሚመረቀውም አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ በማክሰኝት የሚኖር አንድ የአማርኛ መምህር መጽሐፉን ገልጦ ሳያይ፣ በምረቃውም ላይ ሳይገኝ፣ በተጻፈውና በተነገረው ላይ ብቻ ተመሥርቶ ሊገዛው ወይም ሊተወው ይወስናል። ለዚህ አንባቢ ሒስ መጽሐፉን ተከትሎ የሚመጣ ሳይሆን ቀድሞ የሚደርስ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄም፣ ሒስና ማስተዋወቅ ለእንዲህ ያለው አንባቢ ምን ዕዳ አለባቸው የሚል ነው።

የዘመናዊው አማርኛ አጭር ልቦለድ በመድበል መልክ ጎልቶ የወጣው በ1949 ዓ.ም. በታተመው የታደሰ ሊበን «መስከረም» ነው፤ የዚሁ ደራሲ «ሌላው መንገድ» በ1952 ዓ.ም. ተከትሏል። እንደ መነንና የካቲት ያሉ መጽሔቶች፣ ኋላም የጋዜጦች የኪነ ጥበብ ዓምዶች፣ አጭር ልቦለድን በነጠላ ለአንባቢ አድርሰዋል። ሁለቱ የኅትመት መልኮች ግን አንድ አይደሉም። በመጽሔት የወጣ ታሪክ ብቻውን ይቆማል። በመድበል የገባ ታሪክ ግን ከፊቱና ከኋላው ጎረቤት አለው፤ የተቀመጠበት ቦታም የትርጉሙ አካል ይሆናል። መድበልን መሔስ ረጅም ልቦለድን ከመሔስ የሚለየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ሦስት ስሕተቶች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ታሪኩን አሳጥሮ መተረክ ነው። ረጅም ልቦለድ ሴራው ቢነገርም የሚተርፈው ብዙ ነው፤ የአጭር ልቦለድ ኃይል ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ቅጽበት ወይም በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስለሚያርፍ፣ ያን አስቀድሞ መናገር ታሪኩን ከአንባቢው መንጠቅ ነው። ሁለተኛው፣ ለመጽሐፉ ርእስ የሆነውን ታሪክ ብቻ አንብቦ በእርሱ ሌሎቹን ሁሉ መመዘን ነው። ሦስተኛው ደግሞ አማካይ ፍርድ ነው፤ «አንዳንዶቹ ጥሩ፣ አንዳንዶቹ ደካማ ናቸው» የሚል አስተያየት የትኞቹና ለምን የሚለውን ካልመለሰ ለማንም አይጠቅምም።

አዳም ረታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ1981 ዓ.ም. «ማህሌት» አንሥቶ በአጭር ልቦለድ የታወቀው ይህ ደራሲ፣ «ሕጽናዊነት» ብሎ የሰየመውን የአጻጻፍ ስልት ያስረዳው በእንጀራ አምሳያ ነው። የእንጀራ ዓይኖች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢታዩም በአንድ ገበታ ላይ የተያያዙ እንደ ሆኑ፣ ታሪኮችም ለየራሳቸው ቆመው እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ አንድ ታሪክ ብቻ ነጥሎ የሚሔስ ሐያሲ አንዱን ዓይን አይቶ ስለ እንጀራው እንደሚፈርድ ሰው ነው። በአንጻሩ፣ ታሪኮቹ ያለ አንዳች ዝምድና ተሰብስበው የታተሙ እንደ ሆነ፣ ያንኑ በግልጽ መናገር የሐያሲው ድርሻ ነው።

ማስተዋወቅ ከሒስ የተለየ ተግባር ነው፤ የመጀመሪያው አንባቢን ይጠራል፣ ሁለተኛው ለተጠራው አንባቢ ይፈርዳል። ሁለቱ ሲደባለቁ የምረቃ ዕለት ምስጋና በጋዜጣ ታትሞ ሒስ ይባላል። ማስተዋወቅ በራሱ ግን ነውር የለበትም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያደረገው ትረካ ሥራውን መጽሐፉን በእጁ ላልያዘ አድማጭ ጭምር አድርሷል። ያ ረጅም ልቦለድ ብዙ ክፍል ጠይቋል፤ አጭር ልቦለድ ግን በአንድ መቀመጫ ተነብቦ ያልቃል። ስለዚህ ለመድበል ከሁሉ የተሻለው ማስተዋወቂያ ስለ ታሪኩ ማውራት ሳይሆን አንድ ሙሉ ታሪክ ለአንባቢው መስጠት ነው።

ከአገር ውጭም ይኸው ታይቷል። በእንግሊዝኛ ለሚታተም የአፍሪካ አጭር ልቦለድ የሚሰጠው የኬን ሽልማት የሚመዝነው መጽሐፍን ሳይሆን ነጠላ ታሪክን ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሜሮን ሀደሮ እ.ኤ.አ. በ2021 «ዘ ስትሪት ስዊፕ» በተሰኘ ታሪኳ አሸነፈች፤ ታሪኩን የያዘው መድበሏም በ2022 ታተመ። 

ለሒሱ ግን አብነት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጎንደር የትርጓሜ ጉባኤ «አንድም» እያለ አንዱን ንባብ ሳይሽር ሌላውን ይጨምራል፤ ላይ ቤትና ታች ቤትም በአተረጓጎም ይለያያሉ። የመድበል ሐያሲ ከዚህ የሚማረው፣ ለአንድ ታሪክ ከአንድ በላይ ንባብ መፍቀድን ነው። ይሁንና አንድምታ የሚተረጉመው ቅዱስ መጽሐፍን ስለሆነ ጽሑፉን ራሱን አይነቅፍም። ነቀፋን ለመማር ወደ ቅኔ ቤት መሄድ ያሻል፤ በዚያ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ያቀርባል፣ መምህሩም ስሕተቱን ፊት ለፊት ያርማል፤ እርማቱም ለባለ ቅኔው እንደ ጥቃት አይቆጠርም። ንባብን ከመጀመሪያው፣ ድፍረትን ከሁለተኛው የወሰደ ሒስ ባዕድ አይሆንም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ተግባራዊ ነጥቦችን መጠቆም ይቻላል። አንደኛ፣ የመድበል ሒስ ቢያንስ ሁለት ታሪኮችን አነጻጽሮ፣ የአቀማመጣቸውን ቅደም ተከተል ተመልክቶ፣ ደካማውን በስሙ ጠርቶ መጻፍ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ አሳታሚዎችና ደራሲዎች ከመድበሉ አንድ ታሪክ መርጠው በሬዲዮ ወይም በጋዜጣ በሙሉ ቢያቀርቡ ስለ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። ሦስተኛ፣ የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለ አዳዲስ መድበሎች የሚጽፏቸው አጫጭር ሒሶች በመንገዱ መካከል ላሉ ትምህርት ቤቶች ቢደርሱ፣ ጥናታቸው ከመደርደሪያ ወርዶ አንባቢ ያገኛል።

የማክሰኝቱ መምህር አንድ ጊዜ በሐሰተኛ ምስጋና ተታሎ መጽሐፍ ቢገዛ፣ ሁለተኛ የሚጠራጠረው ያን ደራሲ ብቻ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ወጣት ደራሲ መድበልም ሳይገልጠው ይተወዋል። ያልተገባ ውዳሴ ዋጋ የሚያስከፍለው ያልተወደሰውን ነው። እውነተኛ ሒስ ግን መጽሐፉን ቢነቅፍ እንኳ አንባቢውን ለሚቀጥለው መጽሐፍ ያቆየዋል።