የሚታወቅ ታሪክና የሚጠየቅ ታሪክ፦ የታሪክ ፈተና ዝግጅት ከአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ሲታይ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የወገራ ወረዳ ከተማ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ያደገ ተማሪ የካሣን፣ የደጃዝማች ውቤንና የደረስጌን ስም ከመማሪያ መጽሐፍ አስቀድሞ ከአረጋውያን አንደበት የመስማት ዕድል አለው። ይህ ዕውቀት ግን በፈተና ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ነጥብ አይሆንም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አኃዙ የሁሉም ትምህርቶች ድምር በመሆኑ ስለ ታሪክ ለብቻው አይናገርም፤ ሆኖም በሚታወቀውና በሚጠየቀው መካከል ያለውን ርቀት መመርመር ተገቢ ያደርገዋል። ይህ ጽሑፍ ርቀቱን በአንድ ርዕስ፣ በዳግማዊ ቴዎድሮስ ወደ ሥልጣን አመጣጥ፣ ይመለከታል።

ቀዳሚው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ዘመኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይሰፍራል፤ የቤት ውስጥ ትረካና የአማርኛ መጻሕፍት ግን በአብዛኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሄዳሉ። «ስምንት ቀንስ» የሚለው የተለመደ አቋራጭ ለዓመቱ የመጨረሻ ወራት አይሠራም። ደጃዝማች ካሣ ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን ድል ያደረጉት በኅዳር 1845 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን 1852፣ ልዩነቱ ሰባት። ደረስጌ ላይ ውቤን ያሸነፉት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን 1855፣ ልዩነቱ ስምንት። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ስንት ዓመት አለፈ ቢባል፣ አንዱ አቆጣጠር ሦስት፣ ሌላው ሁለት ይሰጣል። ትክክለኛው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ያህል ነው። ስለዚህ ዓመተ ምሕረትን ያለ ወሩ መሸምደድ አደገኛ ነው። በአንጻሩ የአገሩ አቆጣጠር የሚያቀልለውም አለ፦ ጉር አምባ (ኅዳር)፣ ታቁሳ (ሚያዝያ) እና አይሻል (ሰኔ) ሦስቱም በአንዱ በ1845 ዓ.ም. የተካሄዱ ናቸው። በጎርጎርዮሳዊው ግን ለሁለት ዓመት ይከፈላሉ። የጦርነቶችን ቅደም ተከተል ለሚይዝ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቋንቋውም የራሱን እንቅፋት ይፈጥራል። «ግብር» በአማርኛ ለመንግሥት የሚከፈለውንም፣ ባለሥልጣን የሚያበላውን ድግስም ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ጥያቄ እነዚህን በተለያዩ ቃላት ይለያቸዋል። «ርስት» እና «ጉልት» ግን ሳይተረጎሙ ስለሚገቡ ለአማርኛ ተናጋሪው ቅርብ ናቸው።

ከሁሉ የከበደው የምክንያት ጥያቄ ነው። «የደረስጌ ድል ለምን የዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ ተባለ?» ለሚል የጽሑፍ ጥያቄ ውጊያውን አሳምሮ መተረክ መልስ አይሆንም። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ራሳቸው ውቤ ነበሩ፤ ካሣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ ከድሉ ሁለት ቀን በኋላ፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እዚህ ላይ ማስረጃው ውጊያው ብቻ አይደለም፤ የጳጳሱ ቅባትና በጎንደር ስም ብቻ የቀረው ንግሥና ማብቃቱ ጭምር ነው። ጠንካራ መልስ ደግሞ አባባሉን ራሱን ይፈትናል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ወሎና ሸዋ ገና አልገበሩም፤ ሸዋ የተያዘው በ1848 ዓ.ም. ነው። «ፍጻሜ» የሚለው ቃል እንግዲህ የታሪክ ጸሐፊው ፍርድ እንጂ የዕለቱ ሁነት አይደለም። በአምባ ጊዮርጊስ የሚነገረው ትረካ ጀግናውን አጉልቶ ያሳያል፤ ይህን ፍርድ ግን አያስተምርም፤ ማስተማርም ግዴታው አይደለም።

ብሔራዊ ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ሊመስል ይችላል። አይደለም። በክልሉ ግጭት ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ተማሪዎች ያለ መምህር የሚያጠኑት አሮጌ ጥያቄዎችን ይዘው ነው፤ ትክክለኛውን ፊደል ብቻ ሲያከብቡ ከአንድ ጥያቄ አንድ ሁነት ብቻ ያተርፋሉ። «ራስ ዓሊ ድል የተነሡበት የመጨረሻው ጦርነት» ለሚል ጥያቄ ጉር አምባ፣ አይሻል፣ ደረስጌና መተማ ቢቀርቡ፣ መልሱ አይሻል ነው። ቀሪዎቹን ሦስቱን እየተዉ ከማለፍ ይልቅ እያንዳንዳቸው ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚሆኑ በወረቀት መጻፍ ይቻላል፦ ጉር አምባ ለጎሹ ሞት፣ ደረስጌ ለውቤ መማረክ፣ መተማ ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በ1881 ዓ.ም.፣ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፍጻሜ።