ትልቅ ስክሪን ልትሠራ ለተነሣኸው ልጄ

ልጄ፣ ጎንደር ላይ ቤት ተከራይተህ ትልልቅ ፍላት ቲቪ ልትገጣጥም እንደተነሣህ ነገሩኝ። ደስ ብሎኛል። የዛሪማ ልጅ የሰው ዕቃ ገዝቶ ከመሸጥ አልፎ "እኔው ልሥራው" ሲል መስማት ያስደስታል። ትጋትህን አልጠራጠርም፤ ችኮላህን ግን አውቀዋለሁ። ሒሳቡን ሳትሠራ ታፔላ ማሠራትህንም ሰምቻለሁ። ታፔላው ይቆይና ይህን አንብብ። ከኋላው ከሚወፍረው የድሮ ቲቪ ጀምሮ ዕድሜዬን በዚህ ንግድ ውስጥ አሳልፌያለሁና የምልህን በጥሞና ስማ። የውጭውን አገር ነገር ስነግርህ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

1. ከሥራው የትኛው ያንተ እንደሆነ ለይተህ እወቅ።
ቲቪ ሦስት ሥራ ነው። መጀመሪያ ፓኔሉ አለ፤ ሁለት ስስ መስታወት፣ በመካከላቸው ፈሳሽ ክሪስታል፣ በአንደኛው መስታወት ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች። ይህን የሚሠራው በቢሊዮን ዶላር የሚቆም ፋብሪካ ነው፤ አንዲት ብናኝ ታበላሸዋለች፣ መብራት ለቅጽበት ቢጠፋ በመስመሩ ላይ ያለው ዕቃ ይጣላል። ቀጥሎ ባክላይቱ ነው፤ ኤልኢዲ ስትሪፑ፣ ብርሃኑን የሚበትነው ፕላስቲክ፣ የብረት ጀርባው። መጨረሻ ላይ ቦርዶቹ፣ ድምፅ ማጉያውና ፍሬሙ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ያንተ አይደለም፤ ይህን ተቀበል፣ አያሳፍርም። ሦስተኛውን ብቻ ከያዝክ ደግሞ ብሎን አጥባቂ ሆነህ ትቀራለህ፤ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ሁሉም ዘንድ ሞልቷል። ሁለተኛውን ያዝ። ኦፕን ሴል የሚሉትን እርቃኑን ፓኔል አስገብተህ ባክላይቱን እዚሁ ሥራው። ለዚህም ቢሆን ከአቧራ የተጠበቀ ክፍል ያስፈልጋል፤ በሩ ተከፍቶ የሚዋልበት ጋራዥ አይሆንም።

2. መጠኑን ኩራትህ አይምረጠው፣ መስታወቱ ይምረጥልህ።
ፋብሪካው ስክሪን አንድ በአንድ አይሠራም። ትልቅ መስታወት ላይ ብዙውን አንድ ላይ ሠርቶ ይቆርጠዋል። ልብስ ሰፊ ጣቃውን ዘርግቶ ስንት ሱሪ እንደሚወጣው ሳያሰላ መቀስ እንደማያነሣው ነው፤ ትርፉም ኪሳራውም ቁርጥራጩ ላይ ነው። ቁጥሩን ያዝ። 8.5ኛ ትውልድ የሚሉት መስታወት 2200 በ2500 ሚሊ ሜትር ነው። ከእሱ ባለ 32 ኢንች 18፣ ባለ 55 ኢንች 6 ይወጣል። ባለ 65 ኢንች ግን 3 ብቻ ነው የሚወጣው፤ ከመስታወቱ ከሲሶ በላይ ይተርፋል። ብልሆቹ በተረፈው ላይ ስድስት ባለ 32 ጨምረው ቆረጡበት። ከዚያ የቻይናው ቢኦኢ ሄፌይ ከተማ ላይ በ2017 መጨረሻ 10.5ኛ ትውልድ ፋብሪካ አስጀመረ። መስታወቱ 2940 በ3370 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 65 ኢንች 8፣ ባለ 75 ኢንች 6 ይወጣዋል፣ የሚጣለው ጥቂት ነው። ቀድሞ የሀብታም ቤት ዕቃ የነበረው ባለ 65 ኢንች ለተራው ሰው የቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚሁ መስታወት ባለ 70 ኢንች ብታስቆርጥ ያው 6 ነው የሚወጣው፤ ታዲያ ባለ 75 በሚወጣበት መስታወት ባለ 70 ማስቆረጥ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ አቅራቢህን ከዋጋው በፊት "ይህ ፓኔል ከየትኛው መስታወት ተቆረጠ?" ብለህ ጠይቀው። የማይመልስልህ ከሆነ ደላላ ነውና ሌላ ፈልግ።

3. ደንበኛው በኢንች ይጠይቅሃል፤ አንተ በካሬ አስብ።
ከ32 ወደ 65 ኢንች ስትወጣ ቁጥሩ እጥፍ ነው የሆነው፤ ስፋቱ ግን አራት እጥፍ። መስታወቱም፣ ኤልኢዲውም፣ ካርቶኑም፣ በመኪና ላይ የሚይዘው ቦታም የሚከፈለው በስፋቱ ነው። ትልቅ በሆነ ቁጥር ከወጪህ ከግማሽ በላዩን ፓኔሉ ይወስደዋል፤ አንድ ሲሰበር የበርካታ ቲቪ ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

4. ገዥውን ሳታስር ፋብሪካ አትክፈት።
ለሰው ሲነግሩ ለራስህ ስማ፤ የሻርፕን ነገር ልንገርህ። ሻርፕ በ1973 ፈሳሽ ክሪስታልን ካልኩሌተር ላይ ያዋለ፣ በ1988 ባለ 14 ኢንች ባለ ቀለም ስክሪን ያሳየ የጃፓን ቤት ነው። ዕውቀት አልጎደለውም። በ2004 ካሜያማ ላይ ፋብሪካ ከፈተ፤ ሰው "የካሜያማ ነው" እያለ በቦታው ስም ይገዛ ጀመር። ያ ክብር ልቡን ሞላው። ሳካይ ላይ በጊዜው ከዓለም ትልቁን፣ 10ኛ ትውልድ ፋብሪካ ገንብቶ በ2009 መጨረሻ አስነሣው። መስታወት ሠሪውን ኮርኒንግን ሳይቀር እዚያው ግቢ አመጣ፤ ያን ያህል የሰፋ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ መስታወት ሩቅ መንገድ አይችልምና። ሁሉ ተሟልቶ ነበር። የጎደለው ገዥ ነው።

ሶኒ ከሳካይ 34 በመቶ ድርሻ ሊይዝ ተነጋግሮ 7 በመቶ ላይ ቆመ፤ በ2012 እሱንም አውጥቶ ሄደ። የጃፓን መንግሥት ኃይል ቆጣቢ ቲቪ ለሚገዛ ይሰጠው የነበረው ድጎማ በ2011 መጀመሪያ አበቃ። በዚያው ዓመት ክረምት የአናሎግ ሥርጭቱ ተቋረጠ፤ ቲቪ የሚለውጥ ሁሉ ቀድሞ ለውጦ ጨርሷል። በዚያ ላይ የን ጠንክሮ ዕቃው ውጭ አገር ተወደደ። ሻርፕ እስከ 2012 መጋቢት ባለው የበጀት ዓመት 376 ቢሊዮን የን፣ በሚቀጥለው 545 ቢሊዮን የን ከሰረ። በ2016 የታይዋኑ ፎክስኮን ገዛው። ሳካይም በ2024 የቲቪ ፓኔል መሥራት አቆመ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚቆጨኝ የሠራተኞቹ ነገር ነው፤ እጃቸው አልሰነፈም፣ መጠኑን የወሰኑት አለቆች ግን "ማን ይገዛል?" ብለው አስቀድመው አልጠየቁም።

አንተም "ጎንደር ሙሉ ይገዛኛል" አትበለኝ። በስም ቁጠር። የጎንደር ሆቴሎች አሉ፤ የሰሜን ተራሮችን እንግዳ የሚያሳርፉ የደባርቅ ማረፊያዎች አሉ፤ ኳስ ማሳያ ቤቶች አሉ፤ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሄደህ አነጋግር፣ ስንት ኢንች፣ ስንት ፍሬ፣ መቼ ብለህ አስፈርም፣ ቀብድ ተቀበል። ቀብድ ያልከፈለ ደንበኛ ወሬ ነው።

5. ፓኔል አከማችተህ አትተኛ።
የፓኔል ዋጋ እንደ ወንዝ ሙላት ወጥቶ ይወርዳል ብለው የሚያጽናኑህ አሉ፤ መውረዱን እንጂ መውጣቱን አትመን። በ2021 አጋማሽ ጣራ ነክቶ የነበረው የባለ 55 ኢንች ፓኔል ዋጋ ከአንድ ዓመት በጥቂት ወራት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ሳምሰንግ እንኳ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ያለው፣ በ2022 የፈሳሽ ክሪስታል ፓኔል ሥራውን ዘጋ። ቢኦኢ የቆመው ከጀርባው መንግሥት ስለነበረ ነው፤ የሄፌይ ከተማ ከ2008 ጀምሮ የራሱን ገንዘብ አግብቶበት ክፉውን ዓመት አሳልፎታል። ካንተ ጀርባ ግን ዕቁብና የእናትህ ቁጠባ ነው ያለው፤ ያ ገንዘብ ሁለት ክፉ ዓመት አይችልም። ጥቂት አዝዝ፣ ሽጠህ ጨርስ፣ ከዚያ እንደገና አዝዝ።

ዶላሩንም አትርሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቀው፣ በብር ሸጦ በዶላር የሚከፍል ነጋዴ ሁሉ ሌሊቱን ሒሳቡ ተለወጠበት። ፕሮፎርማ ስትሰጥ የሚጸናበትን ቀን ጻፍበት፤ ቀኑ ካለፈ ዋጋው አይጸናም በል። ከምትከስር ደንበኛ ቅር ቢለው ይሻላል።

6. በቀረጥ ላይ ብቻ ቤት አትሥራ።
ተበታትኖ የሚገባ ዕቃ ቀረጡ ከተገጣጠመው ዝቅ ይላል ብለህ ነው ግማሹን ሒሳብ የሠራኸው። ጥሩ ነው፤ ግን ቀረጥ በአንድ ደብዳቤ ይለወጣል። ህንድ በ2018 ፓኔል ላይ ቀረጥ ስትጥል ሳምሰንግ እዚያ ቲቪ መገጣጠሙን አቁሞ ከቬትናም ማስገባት ጀመረ። በ2019 ቀረጡን አነሣች፤ በ2020 መልሳ 5 በመቶ ጣለች። በሦስት ዓመት ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ ተመልከት። ያንተን ሒሳብ ሁለት ጊዜ ሥራው፤ አንዴ ከነቅናሹ፣ አንዴ ያለ ቅናሹ። ያለ ቅናሹ ምንም ካላስተረፈ ሥራው ገና አልበሰለም።

7. መንገዱን ከዋጋው ጋር ደምረው።
ያለቀ ትልቅ ቲቪ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይጓዝም፤ ተኝቶ ከተጫነ መካከሉ ይረገባል፣ ላዩ ላይ ዕቃ ይደረብበታል፣ ይሰነጠቃል። ጎንደር ላይ መገጣጠም የሚያዋጣህም በዚህ ነው። ካርቶን ውስጥ ያለ ባለ 65 ከነስፖንጁ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ኦፕን ሴል ግን በአንድ ሣጥን ብዙ ሆኖ ተደራርቦ ይመጣል። ከጅቡቲ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በወልዲያ አድርጎ ደብረ ታቦርን አልፎ ጎንደር እስኪደርስ የሚቆጠበው የጭነት ዋጋ የሠራተኛህን ደመወዝ ያግዛል። ከጎንደር ወዲህ ያለው መንገድ ግን ቀላል አይደለም። ዳባትን፣ ደባርቅን አልፎ ጣሊያን የቆረጠውን የሊማሊሞ ጥምዝምዝ የሚወርድ ቲቪ በደንብ ካልታሰረ እኛ ዘንድ ዛሪማ የሚደርሰው ስብርባሪ ነው። ካርቶኑ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ። ለሹፌሩም ለራሱ ንገረው፤ ወረቀት ላይ የተሳለውን ቀስት ብዙ ሰው አያየውም።

8. ከሸጥክ በኋላ ያለውን ሥራ ከመሸጥህ በፊት አዘጋጅ።
ባለ 75 ኢንች ሊገዛህ የመጣውን ሰው በሩ ስንት እንደሚሰፋ፣ ቡፌው ስንት እንደሆነ፣ ከየት ሆኖ እንደሚያይ ጠይቀው። ጠባብ ሳሎን ላለው ባለ 43 ሽጥለት፤ ያኔ ወንድሙን ይዞልህ ይመጣል። ጥራቱ ዝቅ ያለ የዲሽ ሥርጭት ትልቅ ስክሪን ላይ ደብዛዛነቱ ጎልቶ እንደሚታይም አስቀድመህ አሳየው፤ በኋላ ቲቪው ተበላሽቷል ብሎ ይመጣብሃልና። መብራቱ ከፍ ዝቅ በሚልበት አገር ስታቢላይዘር አብሮ ይሂድ።

ድምፁ እየተሰማ ምስሉ የጠፋ ቲቪ አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ባክላይቱ ነው። ስትሪፑ ርካሽ ነው፣ በግማሽ ቀን ይቀየራል፤ የተሰነጠቀ ፓኔል ግን ጠግነው የሚያተርፉበት ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ለምትሸጠው መጠን ሁሉ ስትሪፕና ፓወር ቦርድ መጋዘንህ ውስጥ አስቀድሞ ይኑር፤ ደባርቅ ላይም ሠሪ አሠልጥን፤ የዛሪማ ሰው አንድ ቲቪ ተሸክሞ ጎንደር ድረስ አይመላለስ። የተመለሰልህን እያንዳንዱን ቲቪ ደብተር ላይ አስፍር፤ ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው ሣጥን የወጣ ፓኔል እንደነበረ፣ ማን እንደገጠመው። ሁለተኛውን ኮንቴይነር ከማዘዝህ በፊት ያን ደብተር ይዘህ ወደዚህ ውረድ፤ አብረን እናየዋለን።