«አለ» ማለት ይበቃል? ሩቅ ቦታ ያስቀመጥነውን ፋይል ስለ መፈተን

ላቪንግተን ባለው የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን የቀደሙት ዓመታት መጽሔቶች፣ የበዓል ፎቶግራፎችና ቤተሰቦች ያዋሱን የድሮ ደብዳቤዎች በስካነር ተነሥተው 40 ጊጋባይት ያህል መዝገብ ሆነዋል። ባለፈው ዓመት፣ ኪራይ ከምንከፍልበት የኢንተርኔት ማከማቻ አንዱን ፎቶግራፍ ብናወርድ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ወጣ። የአንዲት ተማሪ አያት ምስል ነበር፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ስሙ ከዝርዝሩ አለ፣ መጠኑም ተጽፏል፣ ምስሉ ግን የለም። ብንጠይቅ «ፋይላችሁ በሙሉ አለ» ተባልን።

የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ከመምህራችን ጋር ዓመቱን ሙሉ ስንነጋገርበት የቆየነው ከዚህ የተነሣ ነው። ሩቅ ያለ ሰው ወይም ሰርቨር ዕቃችንን በእርግጥ መያዙን፣ ሁሉንም መልሰን ሳናወርድ፣ እንዴት እናውቃለን?

የአገራችን ሰው ቅርስን በቅጂ ከአገር አርቆ ማኖርን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ፊልም ተነሥተዋል፤ ፊልሙም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዓመት የደከሙበት ካታሎግ የዚሁ ስብስብ ነው። ፊልም ግን ቢበላሽ ብርሃን ፊት ሲይዙት ይታያል። የኮምፒውተር ፋይል ካልከፈቱት በቀር ጉዳቱን አያሳይም።

ሁሉንም በየሳምንቱ አውርዶ ማየት አይቻልም ወይ? ይቻላል፣ ግን ውድ ነው፤ መስመሩም ሁልጊዜ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ከባሕር በታች ያሉት የሲኮምና የኢሲ ኬብሎች ሲበጠሱ ናይሮቢ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ለመክፈት እንኳ ስንቸገር እናስታውሳለን።

መልሱን ያገኘነው ከቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ተማሪውን «ዳዊቱን ታውቃለህ?» ብለው አይተዉትም። ከ150ው መዝሙር መካከል ባልጠበቀው ቦታ ይጀምሩለትና «ቀጥል» ይሉታል። መጀመሪያውን ብቻ የያዘ ተማሪ እዚያው ይጋለጣል።

በኮምፒውተር ይህን የሚሠራልን ሃሽ የሚባለው ስሌት ነው። ኤስኤችኤ-256 የተባለው ሃሽ የፈለገውን ያህል ትልቅ ፋይል ተቀብሎ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አሻራ ይሰጣል። ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ጨርሶ ሌላ ይሆናል። ነገር ግን «አሻራውን ላክልን» ብቻ ብንል ጠባቂው አሻራውን አንድ ጊዜ አስልቶ፣ ፋይሉን ጥሎ፣ ያንኑ 64 ፊደል ዕድሜ ልኩን ሊልክልን ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው አዲስ የምስጢር ቁጥር እንሰጠዋለን። ቁጥሩን ከፋይሉ ጋር አጣምሮ ያሰላል፤ ቁጥሩን አስቀድሞ ስለማያውቅ መልሱን አዘጋጅቶ ሊጠብቀን አይችልም።

እዚህ ላይ እኛም ተሳስተን ነበር። በመጀመሪያ ቁጥሩን ከፋይሉ ኋላ ነበር የቀጠልነው። ኤስኤችኤ-256 ፋይሉን ከፊት ወደ ኋላ በትንሽ በትንሹ እየዋጠ ነው የሚሄደው። ቁጥራችን መጨረሻ ላይ ከመጣ፣ ጠባቂው ስሌቱ ፋይሉን ጨርሶ የቆመበትን ሁኔታ ብቻ መዝግቦ ፋይሉን መጣል ይችላል፤ ቁጥሩ ሲደርሰው ከዚያ ይቀጥላል። ቁጥሩ ከፊት ሲሆን ግን በየጊዜው ሙሉውን ፋይል ከማንበብ ማምለጫ የለውም።

ተራ የኪራይ ማከማቻዎች እንዲህ ያለ ስሌት አይሠሩልንም። ስለዚህ መዝገቡን አንድ ጥቅል አድርገን ለአንድ ተማሪ አጎት፣ አዲስ አበባ ላሉት ጋሼ፣ ሁለተኛ ቅጂ ሰጠን። ከመስጠታችን በፊት 52 የምስጢር ቁጥሮችንና 52 መልሶችን በደብተር ጻፍን። አንድ ቁጥር ለአንድ ሳምንት ነው፤ አንዴ ካገለገለ አይደገምም። ትልቅን ሰው «መያዝዎን ያረጋግጡልን» ማለት ነውር መስሎን ፈርተን ነበር። ጋሼ ግን ሳቁና «የኔታም እንዲህ ነበሩ» አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት የመጣው መልስ ከደብተሩ ጋር አልገጠመም። ጋሼ ጥቅሉን ወደ አዲስ ዲስክ ሲያዛውሩ መብራት ሄዶ ኖሯል፤ ቅጂው ሳያልቅ ቀርቶ አሮጌውን አጥፍተውታል። አልዋሹም፤ ራሳቸውም አላወቁም። በዚሁ ቁጥር ላቪንግተን ያለውን ዲስካችንን ፈተንን፤ እሱ ገጠመ። መዝገቡን እንደገና ላክንላቸው።

እጅግ ትልቅ ለሆነ መዝገብ ሙሉውን በየጊዜው ማንበብ ራሱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጁሴፔ አቴኒዝና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ዘዴ ፋይሉን ቆራርጦ ጥቂት ቁራጮችን በዕጣ ይጠይቃል። ከመዝገቡ 1 በመቶው ጠፍቶ እንደሆነ እናስብ። አንድ ቁራጭ ብንጠይቅ ጥፋቱ የማምለጥ ዕድሉ 0.99 ነው፤ ሁለት ብንጠይቅ 0.99 በ0.99 ይባዛል። 300 ስንደርስ ወደ 5 በመቶ፣ 460 ስንደርስ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። የገረመን ቁራጮቹ 10,000 ይሁኑ 10 ሚሊዮን፣ 460 ጥያቄ ያው መብቃቱ ነው። የማብሰያ ድስት ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በደንብ ከተማሰለ ጨውን ለመቅመስ አንድ ጭልፋ ይበቃል።

ግን ከ10,000ው አንድ ቁራጭ ብቻ ቢጠፋስ? 460 ጥያቄ የሚያገኘው ከ100 አምስት ጊዜ እንኳ አይሞላም። የአያትየዋ ፎቶግራፍ ያች አንዷ ልትሆን ትችላለች። በዚያው ዓመት አሪ ጁልስና በርተን ካሊስኪ ለዚህ መፍትሔ አመጡ፦ ፋይሉን ከመላክ በፊት ስሕተት አራሚ ኮድ መጨመር። ቀላሉ ምሳሌ እንዲህ ነው። 7፣ 12 እና 5ን ስናስቀምጥ ድምራቸውን 24ንም እናስቀምጥ። 12 ቢጠፋ ከ24 ላይ 7ንና 5ን ቀንሰን እናገኘዋለን። የሲዲ ማጫወቻ ጭረት ያለበትን ሙዚቃ የሚያነበው በዚሁ ዓይነት ኮድ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ትንሽ ከሆነ ኮዱ ይጠግነዋል፤ ኮዱ የማይችለው ትልቅ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ዕጣው ይይዘዋል።

ይህ ሁሉ የሚያረጋግጠው ጠባቂው በተጠየቀበት ሰዓት ፋይሉን መያዙን ነው። ነገ አልመልስም ቢል አያስገድደውም፤ ሦስት ቅጂ አለኝ ቢል ሦስት መሆኑን አይነግረንም። ስለዚህ ዲስኩ ከላቪንግተን አልወጣም። ከ52ቱ ቁጥሮች 19 ቀርተዋል፤ ደብተሩን በመስከረም የሚረከቡት የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ቁጥሮቹ ሳያልቁ አዲስ 52 መጻፍ አለባቸው።