ንጹሕ ዘር አሳማዎችን በማሻሻል ረገድ የአርቢዎች ማኅበር ሚና፦ የብሪታንያ ተሞክሮ

በብሪታንያ ብሔራዊው የአሳማ አርቢዎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። የማኅበሩ ዋነኛ መሣሪያ የዘር መዝገብ ነበር። የእያንዳንዱ እንስሳ እናትና አባት በመዝገብ ስለሚሰፍሩ ገዢው በሻጩ ቃል ብቻ ከመመራት ድኗል፤ አርቢውም የቅርብ ዘመዳሞችን ከማዳቀል የሚጠነቀቅበት ማስረጃ አግኝቷል።

ይሁን እንጂ የዘር ንጽሕና ብቻውን ለምርታማነት ዋስትና አይሆንም። በውድድር ላይ በቁመናው የተሸለመ አውራ፣ ግልገሎቹ ፈጥነው የሚያድጉ ላይሆኑ ይችላሉ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1907 የከፈተችው የምርመራ ጣቢያ ለዚህ ክፍተት መልስ ሰጥቷል። በጣቢያው ግልገሎች በተመሳሳይ አያያዝና መኖ አድገው ዕድገታቸው፣ የመኖ አጠቃቀማቸውና የሥጋቸው ጥራት ይለካ ነበር፤ ወላጆቹም የሚመዘኑት በዚሁ ውጤት ነበር።

ልኬት ግን የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1955 በብሪታንያ የሃዊት ኮሚቴ እርባታው በላርጅ ዋይት፣ በላንድሬስና በዌልሽ ዝርያዎች ላይ እንዲያተኩር መከረ። ሌሎች ነባር ዝርያዎች ተመናመኑ፤ ጠጉረ ጥቅልሉ የሊንከንሻየር አሳማም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጨርሶ ጠፋ።

ከዚህ የምንረዳው የማኅበር ሚና ድርብ መሆኑን ነው፦ መዝገቡን ከምርት ልኬት ጋር ማስተሳሰርና የዘር ብዝኃነትን መጠበቅ። ገበያ ዛሬ የናቀውን ባሕርይ ነገ ሊፈልገው ይችላል፤ የጠፋ ዝርያ ግን በመዝገብ ላይ በቀረው ስሙ ብቻ አይመለስም።